ያልመለስኳት ብራና

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር አባቴ በሚሠራበት ወፍጮ ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ነው። ደብዳቤም አልጽፍም፤ የምጽፍለት ሰው የለኝም። አሁን የምጽፈውን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩትና በምትኩ ጾም መግደፌን ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ያ ስግደት ግን የሌላ ኃጢአት ስግደት ነበር።

ስለዚህ ይህን የሚያነቡት እርስዎ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ፊትዎን ስለማላየው ለእርስዎ መናገር ይቀለኛል። አይናፋር ነኝ። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል። ይህን የምነግርዎ ግን እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አንድ ቀን መናገር የሌለብኝን ለመናገር አይናፋርነቴ አላገደኝም። መናገር የነበረብኝን እንዳልናገር ነው ያገደኝ። እንዲህ ዓይነት አይናፋርነት ምን ይባላል?

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሰባት ዓመት ክረምት፣ ዲላ ላይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሙሉ የምትባለው አክስቴ ሴት ልጅ ስለ ወለደች፣ ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ እንዳግዛት እናቴ ከፍስሐ ገነት ላከችኝ። በጭነት መኪና ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡኝ። እናቴ የመኪናውን በር እንደ ያዘች፣ «ዲላ እንደዚህ እንደኛ አይደለም፤ ከተማ ነው» አለችኝ። «ዝም ብሎ የሚስቅልሽን ሰው እንዳታምኚ። የሚስቅ ሁሉ የሚፈልገው ነገር አለው።»

ይህን ቃሏን እንደ ስንቅ ይዤው ሄድኩ። ከያዝኩት ቆሎ በላይ የበላሁት እሱን ነው።

የአክስቴ ቤት ከገበያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጠዋት የአራስ ገንፎ አገነፋለሁ፣ የልጅቷን ጨርቅ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ከሰዓት አክስቴና ልጅቷ ሲተኙ፣ ዝናቡም ጋብ ሲል፣ ቅርጫት ይዤ እወጣለሁ። ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ለመላላክ የወጣሁ እንድመስል ነው የምይዘው። እንዲህ እያደረግሁ ነው ታች ሰፈርን ያገኘሁት።

እንደዚያ ያለ ሰፈር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሸማኔዎቹ እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያውን እየወረወሩ ይዘፍናሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ከጎረቤት ግቢ ይቀበለዋል። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው የመኪናቸውን ፔዳል ይረግጣሉ፤ በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚጠልፉት ጥልፍ ለየቅሉ ነው። ፎቶ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ የተሳለበት ጨርቅ ተሰቅሏል። ከገጠር የመጣ ሰው አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ አይቶት የማያውቀውን ባሕር ከኋላው አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። ከጠጅ ቤቶቹ በቀን እንኳ የማሲንቆ ድምፅ አይጠፋም። የአንዱ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ጎረምሳ መሰላል ላይ ወጥቶ አንበሳ ሲስል፣ አንዲት ቅርጫት ሻጭ ጌዴኦ አሮጊት ከታች ቆማ አየች አየችና፣

«አንተ፣ ይሄ ድመት ለማን ነው?» አለችው።

«አንበሳ ነው እንጂ እማማ! የይሁዳ አንበሳ ነው።»

«እኔ ቤት እንደዚህ ያለ አለ። አይጥ ይፈራል።»

በረንዳ ላይ የነበሩት ልብስ ሰፊዎች በሙሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሁሉም ለምን ይስቃል? ከእኔ የሚፈልጉት ምንድን ነው? የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ጭንቅላቱን በጥቁር ጨርቅ የሚሸፍነው ምን ሊደብቅ ነው? ሸማኔዎቹ ሳልፍ ዘፈኑን የሚያቆሙት ስለ እኔ ሊያወሩ ይሆን? እንዲህ እያልኩ እያንዳንዱን ሰው እየጠረጠርኩ፣ እየጠረጠርኩም በየቀኑ እየሄድኩ፣ ክረምቱ ተጋመሰ። ከጠረጠርኳቸው ሰዎች መካከል አንድም ክፉ ያደረገብኝ የለም። ክፉ ያደረገች እኔ ነኝ።

ከሸማኔዎቹ ጀርባ በሸምበቆ የታጠረ ግቢ ነበር። አለቃ ፈንታ የሚባሉ ሠዓሊ ተከራይተው ይሠሩበታል። ከጎጃም ያመጧቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕል እንዲስሉ ነው። የአክስቴ ባል ጋሼ ደጀኔ የአሠሪው ኮሚቴ አባል ነበር። ሥዕሉ የሚሳለው ሰው በሚያህል አቡጀዲ ላይ ነው፤ ሲያልቅ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለመስከረም ደርሶ ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት ይባል ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት መጀመሪያ በሸምበቆው ቀዳዳ፣ በአንድ ዓይኔ ነው። ሦስት ቀን እንዲያ ተለጥፌ አየሁ። በአራተኛው ቀን ከኋላዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀንድ አውጣ ነሽ እንዴ አጥር ላይ የምትጣበቂው?»

እታገኝ ነበረች። ከግቢው ቀጥሎ ባለው ጠጅ ቤት የምትሠራ፣ ሲመሽ ከማሲንቆው ጋር የምትዘፍን ሴት ናት። ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይኗን የተኳለች። ክንዴን ይዛ ወደ ግቢው አስገባችኝ። «አለቃ፣ እንግዳ አመጣሁልዎ!» ብላ ጮኸች። እኔ ከሀፍረት የተነሣ መሬት መሬት አያለሁ።

«ትግባ፣ ትግባ» አሉ አለቃ። «ሥዕል አይነክስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገባሁ። ምንም አልናገርም፤ እሳቸውም እንድናገር አይጠይቁኝም። ቀለም ሲያሹ ውኃ አቀብላለሁ። የእመቤታችን ልብስ ተስሎ አልቋል፣ ሰማያዊ። እጇና ሕፃኑም አልቀዋል። ፊቷ ብቻ ባዶ ነጭ ነበር። ፊት መጨረሻ ነው የሚሳለው፤ ፊት እስኪያልቅም እህል አልቀምስም አሉኝ። ከግርጌ በኩል ጦር የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወደ ጎን ዞረው አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ለምን እንደሆነ ልጠይቅ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸው ግን ገባቸው።

«ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አይሰጥሽም፤ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው» አሉኝ።

ከግድግዳው ላይ የቆዳ ማኅደር አውርደው አንዲት መዳፍ የምታክል ብራና አወጡልኝ። በቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ የተነደፈ የሴት ፊት ነበረባት። ጠርዟ በጣት ብዛት ጠቁሯል። «ይህን መልክ የሰጡኝ መምህሬ ናቸው። ለእሳቸውም መምህራቸው። እኔ መልክ አልፈጥርም ልጄ፤ የተቀበልኩትን ነው የማሳልፈው። አሁን እጄ ስለለመደው ብዙም አላያትም። ስጠራጠር ብቻ ነው የማያት።»

እኔ ከዚያች ፊት ላይ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በደብተሬ ጀርባ ፊት እስል ነበር። አስተማሪዬ ቀዶ ጣለብኝ እንጂ።

እታገኝ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች። የጠጅ ቤቱ የማታ ሥራ ሳይጀመር፣ ፊቷን ታጥባ፣ ከሥዕሉ ፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ስለ አለቃና ስለ እሷ ክፉ ነገር አሰብኩ። ምን ልትሠራ ትመጣለች? እሷ እንደ ሆነች ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባም፤ ከውጭ ነው የምሳለም። ይቺ ሥዕል መቅደስ ከገባች ደግሞ እስክሞት አላያትም። እዚህ ግን በር የሚዘጋብኝ የለም። ስለዚህ አሁን ጠግቤ ልያት።»

አንድ ቀን ከገበያ ሰማያዊ ሻሽ ገዝታ መጣች። ከሥዕሉ ልብስ አጠገብ ዘረጋችው፤ ከዚያ እንደ እመቤታችን አድርጋ ከራሷ ላይ ጣለችውና ወደ እኔ ዞረች። «ይመሳሰላል?» አለችኝ። እንደ ሕፃን ደስ ብሏት ነበር። እኔ በጭንቅላቴ አዎ አልኳት።

ይህን ልብ ይበሉልኝ። ሥዕሉ ቀደመ፣ ሻሹ ተከተለ። ይህን አውቅ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።

አሁን እኔ ወደ ሠራሁት ልምጣ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት አለቃ ብሩሻቸውን ሊያጥቡ ወደ ጓሮ ሄዱ። ማኅደሩ ተከፍቶ በርጩማው ላይ ነበር። ብራናዋን አነሣኋት። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ፣ በደብተሬ ገልብጫት ነገ እመልሳታለሁ ብዬ፣ በነጠላዬ ሥር ከትቼ ወጣሁ። ለምን አልጠየቅኋቸውም? ቢጠየቁ እኮ ይሰጡኝ ነበር! አጠገቤ አስቀምጠው ያስገለብጡኝ ነበር። ለመጠየቅ አፈርኩ፤ ለመስረቅ አላፈርኩም።

በሩ ላይ ከእታገኝ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላዬን ያዝኩበትን እጄን አየች። ከዚያ ፊቴን አየችና ፈገግ አለች። አለፈች።

የእናቴ ቃል ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። አይታኛለች! ለምን ሳቀች? ምን ልትጠይቀኝ ነው?

በማግስቱ አክስቴ እንደ ተኛች መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ገለበጥኳት። አልሆነልኝም፤ የእኔዋ ፊት የተቆጣች ትመስላለች። ከዚያ ልመልሳት ሄድኩ። እታገኝ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ተመለስኩ። በማግስቱም ሄድኩ፤ አሁንም አለች። እየጠበቀችኝ ነው አልኩ። ልታስይዘኝ ነው አልኩ። በአጥሩ በኩል አይታኝ፣ «አንቺ፣ አለቃ እኮ ጠይቀውሻል፤ ለምን ጠፋሽ?» አለችኝ። በለሰለሰ ድምፅ ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ማስፈራሪያ ሆኖ ነው የተሰማኝ። ሮጬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው የአክስቴ በር ሲንኳኳ እሷ የመጣች ይመስለኛል። ጋሼ ደጀኔ ሲያስል እንኳ ሰምቷል ማለት ነው እላለሁ። ሌባ የምትባል የሙሉ እህት ልጅ! አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይሆናል? እንዲህ ሳስብ ሳስብ፣ የሰረቅሁት እኔ መሆኔን ረሳሁና የበደለችኝ እሷ መሰለችኝ።

በአምስተኛው ቀን ሥዕሉ አለቀ ተባለ። አለቃ ግድግዳው ላይ ሰቅለውት ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያያል። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሰማያዊ ልብስ፣ ረዘም ያሉ የተኳሉ ዓይኖች፣ ጠይም ፊት። ከሥሯ እታገኝ ሰማያዊ ሻሿን እንደዚያው አጥፋ ከራሷ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ተኩላ ቆማለች።

ቤት ስገባ አክስቴ ልጅቷን እያጠባች፣ «ሥዕሉ አምሯል ይላሉ፤ አየሽው?» አለችኝ።

ክረምቱን በሙሉ በአክስቴ ቤት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስከትዬ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ተናገርኩ።

«አየሁት። እታገኝን ትመስላለች» አልኩ።

«የትኛዋ እታገኝ?»

«የጠጅ ቤቷ። በየቀኑ እየመጣች ፊታቸው ትቀመጣለች። ሻሿም እንደዚያው ሰማያዊ ነው።»

አክስቴ ጡቷን ከልጅቷ አፍ አወጣች። ልጅቷ አለቀሰች።

አየሁ ያልኩትን አይቻለሁ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ለዚህ ነው ለንስሐ አባቴ ለመናገር የከበደኝ። ዋሸሁ እንዳልል አልዋሸሁም። ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ? አውቅ ነበር። እሷ ስለ እኔ ከመናገሯ በፊት እኔ ስለ እሷ መናገር ነበር የፈለግሁት። እኔ ከተናገርኩ በኋላ እሷ ብትናገር ማንም አያምናትም። ይህን ሁሉ ጡት ከምታጠባ ሴት ፊት ቆሜ በልቤ አሰላሁት።

ወሬው ለመዞር አንድ ቀን በቃው። በመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው በሙሉ ወደ አለቃ ግቢ ሄደ። ዝናብ ስለ ነበር ጋሼ ደጀኔ ጃንጥላ እንድይዝለት አስከተለኝ። ስድስት ሽማግሌዎች ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። ሸማኔዎቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው በአጥሩ ላይ ተደረደሩ። ያን ቀን የሚዘፍን አልነበረም።

«አለቃ፣ የማንን ፊት ነው የሳሉት?» አለ ጋሼ ደጀኔ።

«የእመቤታችንን ነዋ።»

«ሕዝቡ ሌላ ይላል።»

«ሕዝቡ ምን ይላል?»

ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ «እታገኝን ይላል!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተበ።

እታገኝ ከጠጅ ቤቱ ደጃፍ ሰምታ ራሷ መጣች። ሻሿን ለማውለቅ እንኳ አላሰበችም። እንደዚያ ሆና ከሥዕሉ አጠገብ ስትቆም ሳቁ ጠፋ፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ «አይ!» አለ። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ።

«እኔ ነኝ እሷን ልምሰል ያልኩት» አለች እታገኝ። «እሳቸው ምን አደረጉ? ሻሹን የገዛሁት ሥዕሉ ተስሎ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ» አሏት።

አለቃ አልተቆጡም። «ይህ መልክ የመምህሬ ነው። እታገኝ ሳትወለድ የተነደፈ ብራና አለኝ» አሉ። ገብተው ማኅደሩን ይዘው ወጡ። ከፈቱት። ገለበጡት። ሌሎች ወረቀቶች ወጡ፤ መላእክት፣ ፈረሶች፣ የእጅ አነዳደፍ። ብራናዋ የለችም። እኔ የት እንዳለች አውቃለሁ። ከዚያ ቦታ ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ቤት፣ በደብተሬ መካከል፣ በአልጋዬ ራስጌ ናት። ሮጬ ባመጣት ጃንጥላው ላይ ያለው ዝናብ እንኳ ሳይደርቅ እመለስ ነበር።

«የለችማ!» አለ ጋሼ ደጀኔ።

«ብራናዋን ያየ ሰው አለ» አሉ አለቃ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። መሬት ነበር የሚያዩት። «ስሙን እኔ አልጠራም። ከፈለገ ራሱ ይናገር።»

«ያየ አለ?» ብሎ ጋሼ ደጀኔ ዙሪያውን አየ። እኔን ግን አላየኝም፤ ጃንጥላ የሚይዝን ሰው ማን ያየዋል? ጃንጥላው አዘንብሎብኝ ውኃው ትከሻው ላይ ፈሰሰና፣ «ቀጥ አድርገሽ ያዢው!» ብሎ ተቆጣኝ። ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ያን ቀን ያደረግሁት መልካም ሥራ ያ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊቷን ፍቀው ሌላ እንዲስሉ ጠየቋቸው። «የእመቤቴን ፊት በገዛ እጄ አልፍቅም። ካላመናችሁኝ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። ሌላ ሰው እናስመጣለን ተባለ። በቃ። ያን ሁሉ ቀን ጾመው የሳሉት ሥዕል በአንድ የዝናብ ቀን ከንቱ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ብራናዋን ይዤ ሄጄ ነበር። ይህን ለራሴ እንዲቆጠርልኝ አይደለም የምጽፈው፤ የባሰውን ነውና ልናገረው። አለቃ አቡጀዲውን እየጠቀለሉ ነበር። በሩ ላይ ሲያዩኝ ሥራቸውን አቆሙ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። አልጠሩኝም፣ አልተቆጡኝም። ብቻ ጠበቁኝ። ብራናዋ በነጠላዬ ሥር በእጄ ላይ ነበረች። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዞሬ ሄድኩ። ለምን? ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠየቅሁ። ብመልሳት ሌባ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ነው። ሌባ አለመባሌ ከእሳቸው ስም በለጠብኝ። ሌላ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም።

ማክሰኞ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ሄዱ። ሰፈሩ መዝፈኑን ቀጠለ። ጠጪዎቹ እታገኝን «ሥዕሊቱ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። «ሥዕሊቱ፣ ጠጅ ቅጂልን!» ሲሉ በአጥር በኩል እሰማለሁ። ሰማያዊውን ሻሽ ከዚያ በኋላ አድርጋው አላየኋትም። የጠጅ ቤቱ ባለቤትም ግቢዬ የመሳለቂያ ቦታ ሆነ ብላ ሥራ እንድትፈልግ ነገረቻት። የአክስቴ ልጅ ክርስትና በተነሣች ጊዜ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተከፍቶ ነበር፤ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ግን ሰው የሚያህል ባዶ ነጭ ቦታ ይታያል። ሁሉም ልጅቷን ሲያይ እኔ እሱን አይ ነበር።

ብራናዋ አሁን ከፊቴ ናት። ከጎኗ በደብተሬ የገለበጥኳት አለች፤ አሁንም የተቆጣች ትመስላለች። ከጎጃም የመጣ ካህን ወይም ነጋዴ በፍስሐ ገነት ባለፈ ቁጥር አለቃ ፈንታን ያውቁ እንደሆነ አስጠይቄአለሁ፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለምና። ልጅ ነበረች እንዳይሉኝም እለምንዎታለሁ። ያን ያለልኝ ሰው ነበረ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ወደ ፍስሐ ገነት በምመለስበት ጠዋት እታገኝን መኪና ተራ አገኘኋት። እሷም ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ ወደ ሌላ አገር ልትሄድ መኪና ትጠብቅ ነበር። ስታየኝ ወደ እኔ መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን የቅርጫቴ ማሰሪያ ተፈትቶ ስለ ነበር ጎንበስ ብላ ገመዱን አጠበቀችልኝ። እንዲሁ እንደ ጎነበሰች፣ ፊቴን ሳታይ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ስትወስጃት አይቼሻለሁ። ለአለቃም በዚያው ቀን ነገርኳቸው። ‹ተያት፣ ልጅ ናት፣ ታመጣታለች› አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስንጠብቅሽ ነበር።»